የባላንጣው አሳዛኝ ታሪክ ሲነገር በደሉ እንዳይድበሰበስ ምን ይደረግ?

ትዝታ፦

ሰላም ለሁላችሁ። 12 ምዕራፍ፣ በየምዕራፉ 20 ገጽ ያለው የማንጋ (የጃፓን ሥዕላዊ ታሪክ) ስክሪፕት ላይ ነኝ፤ የተቸገርኩት በባላንጣው ነው። ሰውዬው የጦር አዛዥ ነው። 3ኛው ምዕራፍ ላይ ጠላት እንዳይሻገር ብሎ ድልድይ ያስቆርጣል። ድልድዩ ላይ ግን ገና የሚሸሹ ሰዎች ነበሩ፤ የዋናዋ ገጸ ባሕርይ ታናሽ ወንድም እዚያው ያልቃል። አዛዡ እስከ 9ኛው ምዕራፍ ጨካኝ እንደሆነ ይዘልቃል። 10ኛው ላይ 14 ገጽ ምልሰት (ወደ ኋላ ተመልሶ ያለፈን የሚያሳይ ክፍል) አለ፤ ወላጆቹ በወረርሽኝ ሞተውበት በረሃብና በዱላ ማደጉን ያሳያል። 11ኛው ላይ ከልጅቷ ጋር እየተዋጋ ያለቅሳል። 12ኛው ላይ ወደ እሷ የተወረወረ ጦር በደረቱ ተቀብሎ ይሞታል፤ እሷም "ይቅር ብዬሃለሁ" ትለዋለች።

ረቂቁን ያነበቡት ሁሉ የሚሉኝ ተመሳሳይ ነው። ምልሰቱ ያሳዝናል፣ ግን "በሉ እዘኑለት" ተብለን የተገደድን መሰለን ይላሉ። ወንድሟም ተረስቷል ይላሉ።

ናሩቶ ውስጥ ጋራ ላይ፣ ድራጎን ቦል ዜድ ውስጥ ቬጂታ ላይ፣ ፉልሜታል አልኬሚስት ውስጥ ስካር ላይ የሠራው ነገር እዚህ ለምን አልሠራም? ምልሰቱን የት ላስገባው፣ ምን ያህልስ ይርዘም? የታወቁ አኒሜዎችን (የጃፓን አኒሜሽኖችን) እየጠቀሳችሁ ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል። ስፖይለር (የታሪኩን ፍጻሜ የሚገልጥ ነገር) መኖሩ ስለማይቀር ናሩቶን፣ ዲመን ስሌየርን፣ አታክ ኦን ታይታንን ያልጨረሳችሁ ተጠንቀቁ።


ጥቁር ቀለም፦

ትዝታ፣ የገጹ ብዛት ሁለተኛ ጉዳይ ነው። መጀመሪያ የሰውዬው ቁስልና የሰውዬው በደል አይተዋወቁም። ወረርሽኝ፣ ረሃብ፣ ዱላ፤ ይሄ ሁሉ ሰውዬው ለምን እንደከፋው ይነግረናል፣ ድልድይ ለምን እንዳስቆረጠ ግን አይነግረንም። ከዚያው ቁስል ወንበዴም፣ መነኩሴም፣ ሐኪምም ሊወጣ ይችላል። አንባቢ እንዲህ ያለ ምልሰት ሲያይ ደራሲው እንባ ፍለጋ እንደመጣ ወዲያው ይነቃበታል። "ተገደድን" ያሉሽ ለዚህ ነው።

ዲመን ስሌየር ውስጥ ጋኔኑን አካዛን ተመልከቺ። ሰው ሳለ ስሙ ሀኩጂ ነው። ለታመመ አባቱ መድኃኒት መግዣ ይሰርቃል፤ በተያዘ ቁጥር ክንዱ ላይ የወንጀለኛ ንቅሳት ይነቀስበታል፤ አባትየው ልጁ በእሱ ምክንያት ሌባ መሆኑን መሸከም አቅቶት ራሱን ያጠፋል። በኋላ የትግል ጥበብ መምህር የሆነው ኬይዞ ያስጠጋዋል፣ ሕመምተኛ ልጁን ኮዩኪን ያስታምማል፣ ሊጋቡም ይተጫጫሉ። የተቀናቃኝ ትምህርት ቤት ሰዎች ግን ፊት ለፊት መግጠም ሲያቅታቸው የውሃ ጉድጓዱን ይመርዙና አባትና ልጅን ይገድሉበታል። ሀኩጂ ሄዶ 67 ሰው በባዶ እጁ ይፈጃል። አሁን ጋኔን ከሆነ በኋላ ያለውን ጠባዩን አስቢው። ደካማን ይጸየፋል፤ በጡጫ እንጂ በመሣሪያ አይዋጋም፤ ሴት አይበላም። ሲዋጋ ከእግሩ ሥር የሚዘረጋው የበረዶ ቅንጣት የኮዩኪ የፀጉር ጌጥ ቅርጽ ነው። የስልቶቹ ስሞች እንኳ ከርችት የመጡ ናቸው፤ ሁለቱ ቃል የተግባቡት ርችት ሲተኮስ ነበርና። የበረዶ ቅንጣቱንና ለደካማ ያለውን ንቀት እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው የሙገን ባቡር ፊልም ላይ፣ ጋኔን አዳኙን ሬንጎኩን ሲገድለው፣ በዓይናችን አይተነዋል። ምክንያቱን ፊልም ላይ ያየነው በ2025 ነው። ምልሰቱ ሲመጣ አዲስ መረጃ አይደለም የሚሰጠን፤ ስናየው የቆየነውን ነገር ነው የሚፈታልን። ነገሩ ቀድሞ ስለተዘራ ማንም "ተገደድኩ" አይልም።

ያንቺን ሰውዬ ልውሰድና፣ ወረርሽኙን ተይው። በልጅነቱ መንደሩ ወንዝ ዳር ይሁን። የድልድዩ ጠባቂ ገመዱን ሊቆርጥ መጥረቢያ አንስቶ፣ አንዲት አሮጊት እየተሻገሩ ስለሆነ ይራራና ይጠብቃል። ጠላት በዚያች ትንሽ ጊዜ ይሻገራል፣ መንደሩ ያልቃል። ልጁ አንድ ነገር ብቻ ይዞ ያድጋል፤ ያ ሰውዬ ባይራራ ኖሮ እናቴ ትተርፍ ነበር። ከ30 ዓመት በኋላ መጥረቢያው እሱ እጅ ላይ ነው። ይሄን ለመንገር 14 ገጽ አያስፈልግሽም። አንባቢ 3ኛውን ምዕራፍ ተመልሶ ሲያነበው ደግሞ ሌላ ታሪክ ይሆንበታል።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። ቁስሉና በደሉ እንዲህ ሲገጥሙ "ታዲያ ምን ያድርግ፣ ወዶ ነው?" የሚል ስሜት ይመጣል። እሱን የምትዘጊው ከቁስሉ ወደ በደሉ በቀጥታ ባለመሻገር ነው። መሐል ላይ ውሳኔ አለ፣ ውሳኔው መታየት አለበት። 3ኛው ምዕራፍ ላይ አንድ የበታች መኮንን "ጌታዬ፣ ጠላት ገና ኮረብታው ላይ ነው፣ ሰዉ ይለፍ" ይበለው። አዛዡ ኮረብታውን ያያል፣ ድልድዩን ያያል፣ ያንን ሰምቶ "ቁረጡ" ይላል። ሌላ መንገድ ነበረው፣ አልመረጠውም። ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን ያህል አሳዛኝ ምልሰት ብታስገቢ ያ ፓነል (የሥዕል ሣጥን) አይፋቅም።

ናሩቶ የሚባለው አኒሜ ጋራን የሚሸከመውም በዚህ ዓይነት ነው። ናሩቶና ጋራ ቁስላቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ውስጥ ባለ ጭራ አውሬ ታሽጎባቸዋል፣ ሁለቱንም መንደራቸው ሸሽቷቸዋል። ናሩቶ መምህሩን ኢሩካን አገኘ። ጋራ የሚወደው አጎቱ ያሻማሩ ሊገድለው መጣበት፣ "ወድጄህም አላውቅ" አለው። ያኔ ጋራ "ከእንግዲህ የምኖረው ለራሴ ብቻ ነው" አለ። ያንኑ ቁስል ተሸክሞ ሌላ መንገድ የሄደ ሰው አጠገቡ ስላለ ቁስሉ ብቻውን ሰበብ ሊሆን አይችልም። አንቺም ከዚያው ከተቃጠለው መንደር የተረፈ አንድ ሰው ይኑርሽ። ለምሳሌ ያ የበታች መኮንን።


ፋኖስ፦

ጥቁር ቀለም ስለ ምልሰቱ ያለው ሁሉ ልክ ነው። "ወንድሟ ተረሳ" የሚለውን ቅሬታ ግን ምልሰት አይፈታውም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ነው ነገሩ። ያንቺ 10ኛ፣ 11ኛና 12ኛ ምዕራፍ የወጊውን ፊት ብቻ ነው የሚያሳዩት፤ ልጅቷ ይቅር ለማለት ብቻ የመጣች ትመስላለች።

እኛ በየቀኑ የምንለያቸውን አራት ነገሮች ደራሲዎች አንድ ላይ ይቀቅሏቸዋል። ጸጸት አለ፣ ኑዛዜ አለ፣ ካሳ አለ፣ ይቅርታ አለ። ጸጸት ሰውዬው ብቻውን ሆኖ የሚሰማው ነው። ኑዛዜ "ይሄን ያደረግሁት እኔ ነኝ" ብሎ በተበዳይ ፊት መናገር ነው። ካሳ ሥራ ነው፣ ጊዜ ይወስዳል፣ ያስከፍላል። ይቅርታ ደግሞ የተበዳይ ንብረት ነው፤ በዳዩ ሦስቱንም አሟልቶ ሊያጣው ይችላል። ያንቺ ረቂቅ ውስጥ ጸጸቱ 11ኛው ላይ አለ። ኑዛዜ የለም። ካሳው ለወንድሟ ሳይሆን ለእሷ ነው። ይቅርታው ደግሞ ሰውዬው እየሞተ ባለበት ደቂቃ ከአፏ ተነጥቆ የወጣ ነው። ሁሉም በ40 ገጽ ውስጥ ተጨናንቋል።

ስካር ለምን ይሠራል ካልሽ፣ ዊንሪ ስላለች ነው። ፉልሜታል አልኬሚስት ብራዘርሁድ ውስጥ የኢሽቫል ሕዝብ ሲጨፈጨፍ ስካር ቆስሎ ያዳኑት ሐኪሞች የዊንሪ ወላጆች ናቸው። ሲነቃ የወንድሙ ክንድ በእሱ ላይ ተተክሎ ያያል፣ አእምሮውን ይስታል፣ ያዳኑትን ባልና ሚስት ይገድላል። የስካር ሕዝብ ምን እንደደረሰበት በደንብ ተነግሮናል፣ እናዝንለታለን። ግን 22ኛው ክፍል ላይ ዊንሪ እውነቱን ትሰማና ሽጉጥ ታነሣበታለች፤ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ አትተኩስም፣ ዋናው ገጸ ባሕርይ ኤድዋርድ ሽጉጡን ከጣቶቿ ያላቅቀዋል። ያዘነችውም፣ የተናደደችውም፣ የወሰነችውም እሷ ናት። ከብዙ ክፍል በኋላ በሰሜኑ በረዶ ውስጥ ስካር ቆስሎ ታስሯል፤ ዊንሪ ቀርባ ክንዱን በጨርቅ ታስርለታለች። ወላጆቼ ቢሆኑ ይሄን ያደርጉ ነበር ትላለች፤ ይቅር እንዳላለችው ግን በግልጽ ትነግረዋለች። በዚያች ጨርቅ ውስጥ ሁለቱም አለ፤ ቁስሉን ታክማለች፣ ዕዳውን አትሰርዝም። ስካር መጨረሻ ላይ አይሞትም፤ ኢሽቫልን መልሶ ለማቋቋም ይሠራል። ሙሉ ካሳ የሚባል ነገር የለውም፣ ሥራ ግን አለው።

ጋራ ላይ ሰዎች የሚያስታውሱት ከናሩቶ ጋር ተዘርረው የሚነጋገሩበትን ትዕይንት ነው። የእሱን መለወጥ ያሳመነን ግን በኋላ የመጣው ነው። ጋራ በቹኒን (የኒንጃ ማዕረግ) ፈተና የሮክ ሊን ግራ ክንድና ግራ እግር በአሸዋ አድቅቋል፤ ይባስ ብሎ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ሊገድለው ሄዷል። በኋላ ጠላታቸው ኪሚማሮ ሊን ሊገድለው ሲል የሚደርስለት ማን ነው? ጋራ ነው። የመጀመሪያው መልካም ሥራው በቀጥታ የጎዳው ሰው ላይ አረፈ። ደራሲው ሌላ ማንንም ሊያድን ይችል ነበር፣ ግን ዕዳው የሊ ነበረ።

ስለዚህ ወረቀት ውሰጂና መሐሉን አስምሪበት። በግራ አዛዡ የበደላቸውን ሰዎች ጻፊ፤ ስም ያላቸውን በስማቸው፣ የሌላቸውን "ድልድዩ ላይ የነበረች እናት" እያልሽ። በቀኝ ደግሞ ለዚያው ሰው፣ ለሌላ ሳይሆን ለዚያው ሰው ወይም ለቤተሰቡ፣ ምን እንዳደረገ ጻፊ። ቀኙ ባዶ የሆነበት ረድፍ ሁሉ አንባቢ የሚያጉረመርምበት ቦታ ነው። መሙላት ካልቻልሽ ቢያንስ አንድ ገጸ ባሕርይ ባዶ መሆኑን ጮክ ብሎ ይናገረው።

ማይ ሂሮ አካዴሚያ ውስጥ ኤንዴቨር የገባውም ይሄው ነው። ሚስቱንና ልጆቹን የጎዳ አባት ነው። ልጁ ናትሱኦ ይቅር እንደማይለው ይነግረዋል፤ አባትየው ይቅርታ እንደማይጠብቅ፣ የሚፈልገው መካስ እንደሆነ ይመልሳል። ቀጥሎ የሚያደርገውን እይ፤ ለቤተሰቡ ሌላ ቤት ያሠራና እሱ ራሱ እዚያ አይገባም። አባቱ ሳይኖርበት ተመቻችተው እንዲኖሩ ነው። ካሳው ራሱን ከሥዕሉ ማውጣት ሆነ። ይሄን ያህል ለበደሉ ልክ የተሰፋ ካሳ በአኒሜ ብዙ አይገኝም።


ኮከብ ቆጣሪ፦

በአንድ ነገር ልከራከራችሁ። ሁለታችሁም ምልሰት ወደ ይቅርታ የሚወስድ መንገድ ነው ብላችሁ ነው የተነሣችሁት። መሆን የለበትም። ለሰው ማልቀስና ሰውን ነጻ ማውጣት ይለያያሉ፤ ዲመን ስሌየር ሙሉ በሙሉ የቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ቅደም ተከተሉን እዩት። መጀመሪያ የጋኔኑ አንገት ይቆረጣል። ከዚያ ምልሰቱ ይመጣል። ከዚያ አመድ ይሆናል። ሩይም፣ ግዩታሮና ዳኪም እንዲህ ናቸው። ፍርዱ ከምልሰቱ በፊት ተፈጽሟልና ምልሰቱ ምንም ሊያስቀር አይችልም። ለዚህ ነው ደራሲዋ ያለ ፍርሃት የፈለገችውን ያህል የምታሳዝነን። ግዩታሮና ዳኪ ተቆርጠው ወድቀው እንኳ ይሰዳደባሉ፤ አንቺ ነሽ፣ አንተ ነህ ይባባላሉ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ታንጂሮ እየተንፏቀቀ ይመጣና የግዩታሮን አፍ በእጁ ይሸፍናል፤ ይሄን ከልብህ አትለውም ይለዋል። የሠራችሁትን ይቅር የሚላችሁ የለም፣ እርስ በርስ ግን አትሰዳደቡ ነው መልእክቱ። ወንድምየው እህቱን አዝሎ ወደ ገሃነም እሳት ይገባል። ማንም አልማራቸውም፤ ተመልካች ግን ያለቅሳል።

ሩይ ጋም እንዲሁ ነው። አመድ እየሆነ ሳለ ልብሱ መሬት ላይ ይቀራል፣ ታንጂሮ እጁን ያሳርፍበታል። ሌላው ጋኔን አዳኝ ጊዩ መጥቶ ልብሱን ይረግጠዋል፤ ሰው ለበላ ፍጡር አትዘን ይለዋል። ታንጂሮ ለተበሉት ሰዎች ስል አንገታቸውን ያለ ርኅራኄ እቆርጣለሁ፣ በሆኑት ነገር የሚሰቃዩትን ግን አልረግጥም ይላል። ትዝታ የምትፈልገው ሚዛን በአንድ እግርና በአንድ ልብስ ታይቷል።

ድክመቱን ግን አልደብቅም። ደጋግመሽ ስታዪው ቀመር ይሆናል፤ አንገት ሲቆረጥ "አሁን ምልሰት ሊመጣ ነው" ብለሽ መጠበቅ ትጀምሪያለሽ። አንድ ባላንጣ ብቻ ስላለሽ ይሄ አያሰጋሽም። ሌላው አደጋ ምልሰቱን ሰይፉ ተነሥቶ ገና ሳያርፍ መሐል ላይ መሰንቀር ነው፤ ትግሉም ይበርዳል፣ ሐዘኑም ሐዘን አይሆንም። ወይ ቀድሞ ይምጣ፣ ወይ ካለቀ በኋላ።

ስለዚህ እኔ ብሆን አዛዡን 11ኛው መጨረሻ ላይ ልጅቷ ታሸንፈው፣ ምልሰቱ 12ኛው መጀመሪያ ላይ ይሁን፣ "ይቅር ብዬሃለሁ" የሚለው ቃል ደግሞ ከነጭራሹ ይውጣ እላለሁ።


ትዝታ፦

በጣም አመሰግናለሁ። የድልድዩን ጠባቂ ነገር ሳነብ ታሪኩ ቦታውን ያገኘ መሰለኝ፤ እወስደዋለሁ። ዝርዝሩንም ሠራሁ፤ በግራ 6 ረድፍ ሞላ፣ በቀኝ አንድም የለም።

ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ ምልሰቱን ጨርሶ ባወጣውስ? ሁለተኛ፣ ሞቱን ለመተው ከበደኝ። ሕይወቱን ከመስጠት በላይ ምን ካሳ ይኖራል?


ጥቁር ቀለም፦

ምልሰቱን ማውጣት ይቻላል። ሀንተር ኤክስ ሀንተር ውስጥ ሜሩየም ያለፈ ታሪክ የሚባል የለውም፤ የተወለደው እኛ እያየነው ነው። በተወለደ ቅጽበት ይገድላል፣ ሰውን እንደ ምግብ ያያል። የሚለውጠው ኮሙጊ የምትባል ዓይነ ስውር ልጅ ናት፤ ጉንጊ በሚባለው የሰሌዳ ጨዋታ አንድ ጊዜ እንኳ ሊያሸንፋት አልቻለም። ውርርድ ልግባ ብሎ ምን ታሲዣለሽ ሲላት ሕይወቴን አለችው። ድሮም በየጨዋታው የምታስይዘው እሱን ነውና። ሜሩየም ደነገጠ፣ በእሷ ቁርጠኝነት ላይ ለማሾፍ መሞከሩ አሳፈረው፣ የራሱን ግራ ክንድ ነቅሎ ጣለ። ምልሰት የለ፣ እንባ የለ፤ ለውጡ በጨዋታ ሰሌዳ ላይ፣ ደረጃ በደረጃ ነው።

ግን ያ መንገድ ቦታ ይበላል። ሜሩየም ያለበት የኪሜራ ጉንዳኖቹ ታሪክ ከ76ኛው እስከ 136ኛው ክፍል የሄደ ነው፤ አንቺ ያለሽ 240 ገጽ ነው። በዚህ ስፋት አጭር ምልሰት ይሻልሻል።


ፋኖስ፦

ሞቱን በተመለከተ፣ ትዝታ፣ ሞት ውድ ይመስላል እንጂ ለደራሲ በጣም ርካሹ ካሳ ነው። የሞተ ሰው ጠዋት ተነሥቶ የልጁን እናት ዓይን ማየት የለበትም።

ናሩቶ ውስጥ ኦቢቶን ውሰጂ። ናሩቶ በተወለደበት ሌሊት ባለ ዘጠኝ ጭራውን አውሬ የናሩቶ መንደር ኮኖሃ ላይ ለቅቆ የናሩቶን እናትና አባት ያስገደለ፣ በኋላም አራተኛውን የኒንጃ ጦርነት ያስነሣ ሰው ነው። ምልሰቱ ጠንካራ ነው፤ የሚወዳት ሪን በጓደኛቸው በካካሺ እጅ ስትሞት ማየቱ ማንንም ይሰብራል። ግን ከተመለሰ በኋላ ያለው ጊዜ በሙሉ ጦር ሜዳ ላይ ነው፤ ካካሺን አትርፎ በጠላታቸው በካጉያ አጥንት ተወግቶ አመድ ይሆናል። በጦርነቱ ከሞቱት ቤተሰቦች አንዱ እንኳ ፊቱ ቆሞ "ልጄስ?" ያለው የለም። ብዙ ተመልካች እስከ ዛሬ የሚከራከርበት ለዚህ ነው፤ ሞቱ ያምራል፣ የተጠየቀው ነገር ግን የለም።

ናጋቶም ተመሳሳይ አደጋ ነበረበት። ኮኖሃን ካወደመ በኋላ ነፍሱን ከፍሎ በዚያ ጥቃት የሞቱትን ያስነሣል። በአንድ በኩል ይሄ ጥፋቱን ሳይከፈል መሰረዝ ነው፤ ካካሺ እንኳ ይነሣል። ትዕይንቱን ያተረፈው ቀድሞ የገደለው ጂራያ አለመነሣቱ ነው። ናሩቶ የመምህሩን ገዳይ ፊት ለፊት አግኝቶ ይቅር አላልኩህም፣ አሁንም ልገድልህ ያምረኛል ይለዋል፣ ግን አይገድለውም። መልሱንም ከራሱ አያመጣም፤ ጂራያ ከጻፈው መጽሐፍ ያገኘዋል። የመጽሐፉ ዋና ገጸ ባሕርይ ስም ናሩቶ ነው።

ቬጂታ ላይ ደግሞ ሞቱ ካሳ አለመሆኑ በግልጽ ተነግሯል። የውድድሩ ስታዲየም ውስጥ ተመልካቾችን በጅምላ ገድሏል። ጠላታቸው ማጂን ቡ ላይ ራሱን ከማፈንዳቱ በፊት በወዲያኛው ዓለም ካካሮትን (ጎኩን) አገኘው ይሆን ብሎ ፒኮሎን ይጠይቃል። ፒኮሎ አይዋሽለትም፤ ብዙ ንጹሐን ስለገደልክ አታገኘውም ይለዋል። ቬጂታ ይሰማና ያደርገዋል። ምንም እንደማያገኝ አውቆ ነው የሄደው። በኋላ ምኞት ፈጻሚው ዘንዶ ከክፉዎች በስተቀር የሞቱት ይነሡ ሲባል ቬጂታም ይነሣል፤ ከዚያ ወዲያ ግን አባትና ባል ሆኖ መኖር ይጠበቅበታል። እሱ ደግሞ ከመፈንዳቱ ይከብደዋል።

በእኔ አስተያየት ለአንቺ የሚጠቅምሽ አታክ ኦን ታይታን ውስጥ ያለው ራይነር ነው። ራይነር ግንቡን ያፈረሰው መሆኑን አኒሜው ላይ የሰማነው እ.ኤ.አ. በ2017 ነበር፣ ያውም በጨዋታ መሐል፣ ተራ ወሬ እንደሚያወራ። ልጅነቱን በደንብ ያየነው በመጨረሻው ሲዝን ነው። ያኔ ምድር ቤት ውስጥ ዋናው ገጸ ባሕርይ ኤረን ፊት ለፊቱ ይቀመጣል። ሰበቡን ሁሉ የሚደረድርለት ተበዳዩ ራሱ ነው፤ ልጅ ነበራችሁ፣ ምንም አታውቁም ነበር፣ ዓለምን ለማዳን ነው ተብላችሁ ነው ይለዋል። ራይነር ወንበሩን ትቶ ይንበረከካል። አይደለም ይላል። ጓደኞቼ እንመለስ ሲሉ ያስቀጠልኳቸው እኔ ነኝ፤ ጀግና መሆን ፈልጌ ነው፣ ሰው እንዲያከብረኝ ፈልጌ ነው ይላል። ኑዛዜ ማለት ይሄ ነው። ምልሰቱ የሰጠውን ሰበብ ራሱ መልሶ አፈረሰው። ባይሞትም ቅጣቱ አልቀረለትም፤ መኖሩ ነው የከበደው።

አዛዡን አትግደዪው። ልጅቷ ስለ ጠባቂው ታሪክ ከመኮንኑ ትስማ፣ እሱ ዘንድ ሄዳ "ልጅ ስለነበርክ፣ ስለፈራህ ነው አይደል?" ትበለው። እሱ ደግሞ "ጠላት ኮረብታው ላይ ነበር። አይቼዋለሁ። ጊዜ ነበረኝ" ይበል። ከዚህ በላይ አንድ ቃል አይጨምር።


ሰባት መስመር፦

ስለ ገጹ አደረጃጀት ብቻ ልጨምር፤ ሌላው በደንብ ተብሏል።

የቴሌቪዥን አኒሜ አንድ ክፍል መክፈቻና መዝጊያ ዘፈኑ ሲወጣ 20 ደቂቃ ገደማ ነው የሚቀረው፤ የሳምንታዊ ማንጋ ምዕራፍም ብዙውን ጊዜ 18 ወይም 19 ገጽ ነው። 14 ገጽ ምልሰት ማለት ምዕራፉን ከነነፍሱ ወሰድሽው ማለት ነው። በታትኚው። 4ኛው ምዕራፍ ላይ ግማሽ ገጽ፤ አዛዡ ገመድ ሲወጠር ድምፅ ሰምቶ እጁ ይቆማል፣ ምንም ማብራሪያ የለም። 7ኛው ላይ 2 ገጽ፤ መጥረቢያ የያዘ የሌላ ሰው እጅና የልጅ ዓይን ብቻ። 10ኛው ላይ 5 ገጽ፤ ሙሉው ታሪክ። በድምሩ 7 ገጽ ተኩል ነው፣ ከ14ቱ በላይ ይሠራል። 6 ገጽ ተኩል ደግሞ ለልጅቷ ተረፈሽ።

በምልሰት ገጾች ላይ በፓነሎቹ መካከል ያለውን ነጭ ክፍተት በጥቁር ሙዪው፤ አንባቢ ያለ መግለጫ ጽሑፍ ያለፈ ጊዜ መሆኑን ያውቃል። አንዳንዱ ጀማሪ "ከ30 ዓመት በፊት" የሚል ሣጥንም ይጨምራል፣ ፓነሉንም ያደበዝዛል፣ ተራኪ ድምፅም ያስገባል፤ ሦስቱ በአንድ ላይ ሐዘኑን ያሰሙታል እንጂ አያሳዩትም። አንዱን ምረጪ። ተራኪ ድምፁን እኔ አወጣዋለሁ። አዛዡ ስለ ራሱ ሲተርክ ለራሱ ሲከራከር ይመስላል፤ ልጁን ከውጭ ሆነን ስናየው ግን ፍርዱ ለእኛ ይቀራል።

የ3ኛውን ምዕራፍ የድልድይ ፓነል አቅጣጫ በጥንቃቄ ምረጪ። አዛዡ በቀኝ፣ መጥረቢያው መሐል፣ ሰዎቹ በግራ ካሉ፣ በ10ኛው ምዕራፍ የጠባቂውን ፓነል በዚያው አቀማመጥ፣ በዚያው መጠን ሣይው። መጥረቢያው አንዱ ላይ ይወርዳል፣ አንዱ ላይ አየር ላይ ይቆማል። የማንጋ አንባቢ ይሄን ሳትነግሪው ያነጻጽረዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ በአንድ ገጽ የሚያስረዳ ፓነል ግን አትጨምሪ፤ ያኔ እጁን ይዘሽ መራሽው ማለት ነው።

ወንድሟ ደግሞ 3ኛው ላይ ሞቶ እስከ 12ኛው ድረስ ፊቱ አይታይም ብለሽ ይሆናል። በየሁለት ምዕራፉ አንድ የእሱ ዕቃ ትግባ፤ ጫማ፣ የተሰበረ እርሳስ፣ የለመደው መቀመጫ ባዶውን። አዛዡ እያለቀሰ ባለበት ምዕራፍ ላይ ቢያንስ 2 ገጽ የልጁ ይሁን፣ ከአዛዡ ምልሰት ቀጥሎ ሳይሆን ቀድሞ። ቀጥሎ ከመጣ መልስ ይመስላል፤ ቀድሞ ከመጣ የአዛዡን ልጅነት የምናነበው ያንን ልጅ ይዘን ነው።


ትዝታ፦

ሰባት መስመር፣ የፓነሉ አቀማመጥ ገባኝ፤ አዲሱን 10ኛ ምዕራፍ በዚያ ልክ እቀይሰዋለሁ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ልጨምር። አዛዡ ካልሞተ 12ኛው ላይ ምን ይሠራል? ድልድዩን መልሶ ይሥራ ብል በጣም የተመቸ አይሆንም?


ፋኖስ፦

ጨርሶት ካየነው ይመቻል። አይጨርስ። 12ኛው ላይ አንድ ምሰሶ ብቻ ይቁም፣ እሱ ውሃ ውስጥ እስከ ወገቡ ገብቶ ሁለተኛውን ሲተክል ልጅቷ ከማዶ ትየው። የሟቾቹ ቤተሰቦች ከጎኑ ሆነው አይርዱት፤ አንዳንዱ ድንጋይ ይወርውርበት፣ አንዳንዱ ጀርባውን ሰጥቶ ይለፍ። እሷ ትሻገር አትሻገር የሚለውን ድልድዩ ስላላለቀ መመለስ የለብሽም።


ኮከብ ቆጣሪ፦

እኔ አሁንም ይሙት ባይ ነኝ፣ ግን ምሰሶው ከጦሩ ይሻላል። ካቆየሽው አንድ ነገር ብቻ፤ ምሰሶ እየተከለ አያልቅስ። እንባው 11ኛው ላይ አልቋል፤ ፊቱን ከኋላ ሣዪው።